የራሴን መርዶ የተለማመድኩበት ሳምንት

ከሐሙስ እስከ እሁድ ንጋት ድረስ የእህቴን መሞት ኦክላንድና ዙሪያዋ ያለ የእኛ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ ወሬ መደበቅ አቅቶኝ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት የነገደ ሰው መደበቅ አያቅተውም። ልጄ ያስተማረችኝ ነገር ስላለ ነው። የጥንት ግሪኮች ቴአትር ሊያዩ ሲሄዱ መጨረሻውን አውቀው ነበር የሚሄዱት አለችኝ። ማን እንደሚሞት፣ የማን ቤት እንደሚፈርስ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት ያደጉት ታሪክ ነው።

«ታዲያ ካወቁት ለምን ይሄዳሉ?» አልኳት።

«ሰውየው ሳያውቅ ሲሄድ ለማየት» አለችኝ።

እንግዲህ ሰውየው እኔ ነኝ። እዩኝ።

ሥራዬ አሮጌ ዕቃ ነው። ሰው ሲሞት፣ ወይም አርጅቶ ቤቱን ሲለቅ፣ ልጆቹ ቤቱ ቶሎ ባዶ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ቫኔን ይዤ እደርሳለሁ። አልጋውን፣ ቡፌውን፣ የግድግዳ ሰዓቱን አነሳለሁ፤ ኦክላንድ ያለው መጋዘኔ ውስጥ እጠግናለሁ፣ እወለውላለሁ፤ ከዚያ ሳን ሆዜ ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ፍሊ ማርኬት፣ ወስጄ ለሌላ ሰው እሸጣለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ ሟች አስተማሪ ቤት ባዶ ሳደርግ፣ ወራሾቹ አሥራ አራት ካርቶን መጽሐፍ በነጻ መረቁልኝ። በነጻ የሚመረቅ ዕቃ ሁሌም ከባድ ነው። ግማሹ በግሪክ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ገበያ ላይ ሦስት ሳምንት ዘርግቼው አንድ ሰው ብቻ አነሳ፤ እሱም የጠረጴዛ እግር ሊያስተካክልበት ነበር።

እኔ ባደግኩበት ሰፈር ግሪክ ማለት ግሮሰሪ ያለው፣ ወይራ ፍሬ በጣሳ የሚሸጥና ዱቤ የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ነበር። ድርሰት እንደሚጽፉ የነገረኝ አልነበረም። ልጄ ግን ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ወደ ክፍሏ አስገባቻቸው። ነርሲንግ ትማራለች ብዬ ለአገር ምድሩ ያወራሁላት ልጅ፣ በቀጣዩ ሴሚስተር ኮሌጅዋ ውስጥ የጥንት ግሪክ ሥነ ጽሑፍ ክላስ ተመዝግባ መጣች።

«ይሄ ምን ያበላል?» አልኳት።

«አባ፣ ቤተ ክርስቲያን ኪርያላይሶን ስትል በምን ቋንቋ ነው የምትለው?»

«በግዕዝ ነዋ!»

«ኖ። ግሪክ ነው።»

ተናደድኩ፤ ቄስ ጠየቅኩ፤ እውነቷን ነው። ወንጌል የሚለው ቃል ራሱ ከእነሱ የመጣ ነው፤ የምሥራች ማለት ነው አሉኝ። እንግዲህ የምሥራቹን ስም ከእነሱ ተቀብለናል፤ መርዶውን ግን በራሳችን ሙያ ነው ያበጀነው ብዬ ቀለድኩ። ያኔ ቀልድ ነበር።

ቀስ በቀስ ነገሩ በእኔ ቋንቋ ገባኝ። ለካ እነዚህ ሰዎች የዓለም ትልቁ የአሮጌ ዕቃ መጋዘን ናቸው። ሮማውያን መጥተው ወሰዱ፤ ጣሊያኑ፣ ፈረንሳዩ፣ እንግሊዙ በተራው ወሰደ፤ ጨርቁን ቀየረ፣ ቀለም ቀባ፣ አዲስ ነው ብሎ ሸጠ። ልጄ ፊልም እያየን በመሃል ታስቆመኝና «ይሄም ከእነሱ ነው» ትለኛለች። ከጦርነት ዘግይቶ የሚመለስ ባል፣ በወንድሟና በሕግ መካከል የቆመች ልጅ፣ ጎበዝ ነኝ ብሎ በጉብዝናው የሚወድቅ ሰው፤ የዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ እግሩ ሲገለበጥ የእነሱ ማኅተም አለበት። እኔ ደግሞ ማኅተም ማየት እወዳለሁ።

በዚያ ሴሚስተር መጨረሻ ክላሱ ቴአትር ሊያሳይ ነበር። መምህሯ ከልዩ ልዩ የጥንት ቴአትሮች ቆራርጦ አንድ አድርጎ የሰፋው ነው። ልጄ የደረሳት የመልእክተኛዋ ቦታ ነው። በእነዚያ ቴአትሮች ሰው ተመልካች ፊት አይሞትም። ሞቱ ከመድረክ ውጪ ይሆናል፤ ከዚያ መልእክተኛ መጥቶ ይናገራል።

«ዕቃውን ሳታሳዩ ትሸጣላችሁ ማለት ነው» አልኳት።

«መስማት ይብሳል» አለችኝ።

እንዲህ ባለው ወር ውስጥ ነው፣ አንድ ሐሙስ ጧት፣ ጋሼ የደወሉልኝ። ጋሼ የምላቸው የዕድራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሠርግ ላይ ንግግር ከጀመሩ ሩዙ ካልቀዘቀዘ የማይጨርሱ ሰው።

«አለህ ልጄ? መኪና ይዘሃል?»

«የለም ጋሼ፣ መጋዘን ነኝ። እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጥ እስቲ።» ተቀመጥኩ። «ያ የኮንኮርዱ ወንድምህ መርዶ አለበት።»

የኮንኮርዱ ማለታቸው ኮንኮርድ ከተማ የሚኖረው፣ ሳን ሆዜ ገበያ ላይ ከእኔ ጎን የሚሸጠው ሰው ነው። ጓደኛዬም ተቀናቃኜም ነው። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ስንሸጥ አንድም ቀን ሳንሰዳደብ ውለን አናውቅም።

«ውይ! ማን ሞተበት?»

«እሱን እዚያው ትሰማለህ፤ ወሬ እንዳይወጣ ነው። እሁድ ንጋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቤቱ እንገናኛለን። የምትናገረው አንተ ነህ።»

«እርስዎ እያሉ? እኔ ማን ሆኜ?»

«ጉልበቴ ከድቶኛል። ያንተ ምላስ ደግሞ የታወቀ ነው። ዝገት ወርቅ ነው ብለህ የምትሸጥ ሰው አንድ መርዶ ያቅትሃል?»

እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ጋሼ ንግግር ለሰው ለቀው አያውቁም፤ ጉልበታቸው ቢደክም ደግሞ መርዶ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። የሟቹንም ስም አልጠሩም፤ በቁም ያለን ሰው ሞተ ብለው ሟርት እንዳይሆንባቸው ፈርተው እንደነበር በኋላ ነው የተረዳሁት። ያን ሁሉ አላየሁም። የታየኝ እኔን መምረጣቸው ብቻ ነው። ስልኩን ዘግቼ መጋዘኑ ውስጥ እንደ ዳኛ ተንጎራደድኩ።

ይህን መላ ለምን እንደመረጡም ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት አጎቴ ሲሞት «ልደት አለ፣ ና» ብለው ጠርተውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰፈሩ ስደርስ የሁሉንም መኪና ጥግ ዞሮ ተደብቆ ቆሞ አየሁት። እዚህ አገር መርዶ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ተረጂው ከበሩ ላይ መኪና ብዛት አይቶ እንዳይደነግጥ ሁሉም ማዶ መንገድ ላይ ያቆማል። ሰባቱን መኪና እንዳየሁ ገባኝ፤ ብቻዬን አስፋልት ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሼ ያን አልረሱም። ከዓይኔ የሚያመልጥ ወጥመድ እንደሌለ አውቀው፣ ለኩራቴ የሚሆን ሠሩልኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጄ ወደ መጋዘኑ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ፈተና ነው አልኩ። ያን ጧት፣ እኔን ከማናገራቸው በፊት፣ ጋሼ እሷን አናግረው ቃል እንዳስገቧት በምን አውቃለሁ? የቤት ሰው አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ከእናቷ ጋር ከተለያየን ቆይተናል፣ ስለዚህ የቤት ሰው ማለት እሷ ናት።

«ጥሩ ጊዜ መጣሽ። አንቺም መልእክተኛ፣ እኔም መልእክተኛ» ብዬ ሁሉን ነገርኳት። «ስሚኝና አርሚኝ።»

አንድ ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳትና ፊቷ ቆምኩ። «ወንድሜ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን። ዛሬ የመጣነው ስለምንወድህ ነው። የሰው ልጅ እንደ አበባ ነው፤ ጧት ያብባል...»

«አባ፣ ረጅም ነው» አለች። ድምጿ ቀጥኗል።

«ከሩቅ ነው የሚጀመረው። ሰውየው ራሱ ቀስ እያለ ይደርስበታል።»

«የኛ መልእክተኛ እንደሱ አያደርግም። መጀመሪያ ሞተ ይላል። ከዚያ ሁሉን ይናገራል። እንዴት እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ምን እንዳለ።» በእንግሊዝኛ ነው ያለችኝ፤ አማርኛ ትሰማለች፣ አፏ ላይ ግን ይከብዳታል። «ሰው ሲጠብቅ እኮ ይሞታል፣ አባ።»

«የግሪክ ሰው ጠንካራ ነበር ማለት ነው። የእኛ ሰው እንደሱ ብትነግሪው ይወድቃል። ደንብ አለው፦ ራት መብላቱን ታረጋግጫለሽ። ጧት ከቤት ሳይወጣ ትደርሺበታለሽ። በስልክ አትነግሪውም። መኪና ለያዘ አትነግሪውም። ብቻውን አትነግሪውም፣ ቆሞም አትነግሪውም። ውሃ አጠገብሽ ይኑር።» በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። እሷም፣ አሁን ሳስበው፣ በልቧ እየያዘች ነበር።

«እሺ፣ ቀጥል» አለች።

«...እና ወንድሜ፣ እንግዲህ እግዚአብሔር የሰጠውን ሲወስድ... እዚህ ላይ ስሙን እጨምራለሁ።»

ወደ ጥግ ተመለከተች። እዚያ ከነካርቶኑ የቆመ ባለ ጎማ መደገፊያ አለ፤ መቀመጫ ያለው፣ ፍሬን ያለው፣ እግር ለሚያመው ሰው የሚሆን። በሕይወቴ ከሱቅ አዲስ የገዛሁት ዕቃ እሱ ብቻ ነው። ለእህቴ ነው። እናትና አባታችን ቀድመው ስለሄዱ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ጨርቅ እየሸጠች፣ እኔን ከጣቃ ጨርቅ ሥር አስቀምጣ። ንግድ ያስተማረችኝም እሷ ናት። «ገዢው መሄዱን አትመን፤ ጫማውን እይ። ጫማው ካልዞረ አልሄደም» ትለኝ ነበር። በቀጣዩ ወር እሷ ወዳለችበት አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝቼ መደገፊያውን ልልክላት ነበር።

ልጄ መደገፊያውን እያየች እንባዋ ዱብ አለ።

«ይሄውልሽ!» አልኩ በደስታ። «ስም እንኳ ሳልጠራ አስለቀስኩሽ።»

ከመጋዘኑ ወጥታ ሄደች። እኔ ተዋናይ ሆናለች አልኩ።

ዓርብ ሳን ሆዜ ወረድኩ። ጓደኛዬ ቀድሞኝ ዘርግቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «መጣ ቀማኛው!» ብሎ ነው የሚቀበለኝ፤ ያን ቀን «ወንድሜ፣ ደህና አደርክ?» አለኝና እጄን ሳይለቅ ቆየ። ምስኪን፣ የሚመጣበትን አያውቅም አልኩ። እሱም፣ በኋላ እንደነገረኝ፣ ቃል በቃል ያንኑ ስለ እኔ እያለ ነበር።

አንድ የኦክ ቡፌ ነበረው፤ ስድስት ወር ለምኜው በዋጋው ንቅንቅ ያላለ።

«ውሰደው» አለኝ።

«በስንት?»

«ባልከው።»

ሰው እንዲህ ሲል የገበያ ሰው መሸሽ አለበት። ዕቃው ተሰርቋል፣ ወይ ነቅዟል፣ ወይ ሰውየው ታሟል። እኔ ግን ሌላ ነው ያሰብኩት፤ እሁድ መርዶ ከማደርስበት ሰው ላይ ዓርብ ቡፌ በርካሽ ልግዛ? «አይ፣ አንተ ያልከው ይሁን» አልኩት። «የለም፣ አንተ ያልከው።» ሁለት የታወቅን ስግብግቦች አንዳችን ለሌላችን ዋጋ ስንለማመጥ፣ ማዶ የምትሸጥ ሜክሲኳዊት ሴትዮ ሥራዋን አቁማ አየችን።

ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሲቀበለኝ ዋለ። «ባትሪዬ ሞቷል፣ አንዴ ስጠኝ» ይላል፤ አይመልስም። እኔ ደግሞ ባትሪው በመሞቱ ተደስቻለሁ፤ ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር የሚል ሰው አይጠፋም፣ እንዳያይ ብዬ። ለምሳ ቡሪቶ ገዛሁለት፤ ዓርብ ስለሆነ ባቄላ ብቻ። እሱም ለእኔ ገዝቶ መጣ። አራት ቡሪቶ ፊታችን ተደርድሮ ማናችንም አልበላን።

«ብላ እንጂ» ይለኛል።

«አንተ ብላ። ጉልበት ያስፈልግሃል።»

ይህን ስል ትክ ብሎ አየኝ። ምላሴን ነከስኩ። ያወቀብኝ መሰለኝ።

ከምሳው በፊት፣ ረፋዱ ላይ፣ ስልኬን በግድ ተቀብዬ ለእህቴ ደውዬ ነበር። የወንድማችን ልጅ ነው የሚያነሳው፣ እሱ ነው አብሯት የሚኖረው። ረቡዕ ስደውል «ተኝታለች» ብሎኝ ነበር። አሁን «ጸበል ሄዳለች» አለኝ።

«በዚያ እግሯ?»

«ሰዎች ወሰዷት፣ አጎቴ።»

«መቼ ትመለሳለች?»

«ኔትወርኩ እያስቸገረ ነው» አለና ተቋረጠ።

አንድ ዕቃ በሁለት ቀን ሁለት ዋጋ ሲጠራ፣ ዕቃው የለም ማለት ነው። ይህን ለሌላው ሰው የማስተምረው እኔ ነኝ። አንድ አፍታ ጠረጠርኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ ጠረጠርኩ። ከዚያ ጓደኛዬን አየሁት፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ምንጣፍ ያራግፋል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የእሁዱ ንግግሬ ትዝ አለኝና «የሰው መከራ እያለ በራስህ አትጨነቅ» ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። የሰው መርዶ ተሸክሜ የራሴን በእግሬ ገፋሁት።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ቴአትሩ ነው። የኮሌጁ አዳራሽ ስደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የእኛ ሰዎች፣ ለልጆቻቸው ምረቃ እንኳ አርፍደው የሚመጡት፣ ሁለት ረድፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሼ ከረባት አስረዋል። ጓደኛዬ ገበያውን ዘግቶ ከሳን ሆዜ መጥቷል፤ ቅዳሜን! ከጎኔ ተቀመጠ። «ልጄ ታዋቂ ሆናለች» አልኩ። ለካ ብቻዬን እንዳልሆን ሊጠብቁኝ ነው የመጡት።

መብራቱ ጠፋ። አንድ ንጉሥ አለ። የመርከቦቹን መመለስ እየጠበቀ ድግስ ያስደግሳል፤ ያዛል፣ ይቀልዳል፣ ይፎክራል። ዙሪያውን ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ኮረስ ይባላሉ። ሁሉን ያውቃሉ፣ ያዝናሉ፣ ይመክራሉ፣ እየዞሩ ያዜማሉ፤ ማንም ግን ፈቀቅ ብሎ የሚያደርገው የለም።

ወደ ጋሼ ጠጋ ብዬ «ይሄ እኮ ዕድር ነው» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ጋሼ ጫማቸውን አዩ።

መርከቦቹ ሰጥመዋል። ተመልካቹ ያውቃል፣ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። ንጉሡ ግን «ፊታችሁን ምን አጠቆረው? ወይን አምጡ!» ይላል። እኔ ሳቅኩ። ከአዳራሹ ሁሉ የሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ምን ዓይነት ደነዝ ነው?» አልኩት ለጓደኛዬ። «ፊታቸውን አያይም? እኔ ብሆን በመጀመሪያው ደቂቃ እደርስበት ነበር።»

ጓደኛዬ ሳል ያዘው። ሳሉ አልለቅ ብሎት ተነስቶ ወጣ።

ያን ጊዜ ልጄ ገባች። አቧራ የነካው ልብስ ለብሳለች፤ ሮጣ እንደመጣች ታለከልካለች። ፊቷን ወደ ንጉሡ ማዞር ነበረባት። አላዞረችም። ጨለማው ውስጥ ፈልጋ አገኘችኝ። አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣም። ከጀርባ የሆነ ሰው ቃሏን በሹክሹክታ አቀበላት፤ አልሰማችም። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «እመቤቴ ድረሽ» አለች።

በመጨረሻ ወደ ንጉሡ ዞራ ተናገረች። ምን እንዳለች አላስታውስም። ንጉሡ ሲወድቅ ግን እንዳልሳቅኩ አስታውሳለሁ።

ውጪ ላይ አቀፍኳት። «ጥሩ ነበር፤ ያ ዝምታሽ ግን ትንሽ በዛ።»

«አባ፣ አልቻልኩም» አለች። በአማርኛ ነው ያለችኝ። ያኔም አልገባኝም።

እሁድ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ሱፌን ለበስኩ። ሳሎን ስወጣ ልጄ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ ደርባ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አብሬህ ልሂድ።»

«አንቺ? የለቅሶ ቤት የማትወጂው?»

«ልሂድ።»

ኩራት ተሰማኝ። ቤታችን ካለበት ከሌክ ሜሪት ሰፈር ተነስተን መንገዱ ጭር እንዳለ ወጣን። ንግግሬን በልቤ እያነበነብኩ ነው። እሷ ሰዓቷን ታያለች፣ መንገዱን ታያለች፣ እኔን ታያለች። ወደ ኮንኮርድ የሚወስደው ሃይዌይ ከመግባታችን በፊት «በቴሌግራፍ መንገድ ሂድ» አለች። ሄድኩ። ቴሜስካል ሰፈር ስንደርስ፣ የእኛ ሰዎች ሬስቶራንቶች ገና መዝጊያቸውን አላነሱም፣ «እዚህ ፓርክ አድርግ» አለችኝ።

«ይረፍድብናል እኮ።»

«አባ። ፕሊስ።»

ድምጿ ውስጥ ያለውን ሰምቼ አቆምኩ።

«ሞተሩን አጥፋ። ቁልፉን ስጠኝ።»

ሰጠኋት። ወርዳ በእኔ በኩል ዞረችና በሩን ከፈተች። እግሬን ወደ ውጪ አድርጌ እንድቀመጥ አደረገችኝ። ከቦርሳዋ የውሃ ጠርሙስ አወጣች፤ ክዳኑን ፈትታ እጄ ላይ አደረገችው።

«ትናንት ራት በልተሃል?»

«ከአንቺ ጋር አይደል እንዴ የበላሁት...» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ።

ራት። ጧት። ቁልፉ ከእጄ ወጥቷል። ተቀምጫለሁ። ውሃ አለ። ሐሙስ በጣቴ የቆጠርኩት ሁሉ አንድ በአንድ ፊቴ ተደረደረ። የሁለት ቀን ሁለት ዋጋ፣ ቡፌው፣ ከረባቱ፣ ሁለቱ ረድፍ። ሰው መርዶውን ከሩቅ ይደርስበታል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቀድሜ ደረስኩበት። ግን አልተነሳሁም። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ የሆነ ሰው አፍ አውጥቶ እንዲለው።

«ብቻህን አይደለህም፣ እኔ አለሁ» አለች። አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ ጉልበቶቼን ይዛለች። «አባ፣ አክስቴ ሞተች።»

በአማርኛ። ከሩቅ ሳትጀምር።

ከዚያ መልእክተኛ የሚያደርገውን አደረገች፤ ሁሉን ነገረችኝ። ለወንድማችን ልጅ ደውላ አንድ በአንድ ጠይቃዋለች። ረቡዕ ነው። ቤቷ፣ አልጋዋ ላይ። መስኮቱን ክፈቱልኝ ብላለች። መርፌ ልትወጋት የመጣችውን ነርስ «ከሁለቱ አንዱን ተይልኝ» ብላ ተከራክራታለች፤ ነርሷ እሺ ብላ አንዱን ትታላታለች፤ እሷም ረክታ ፊቷን አዙራለች። ሐሙስ ተቀበረች። ሰው ብዙ ነበር። ዝናብ አልነበረም። ልጄ ቃል ሲጠፋባት በእንግሊዝኛ ትሞላለች፤ ተመልሳ ወደ አማርኛ ትገባለች፤ ግን አላቋረጠችም።

የነርሷ ወሬ ላይ ሳቅኩ መሰለኝ። ሳቅ ብሎ የጀመረው ነገር ወደ ሌላ ሄደ፤ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ውሃውን አጠጣችኝ።

ሲረጋጋልኝ «ቃል አስገብተውኝ ነበር» አለች። «ጋሼ ያዝኑብኛል። ግን እዚያ ቤት ገብተህ፣ ቆመህ፣ ያን ሁሉ ንግግር ለራስህ... አልችልም፣ አባ። ሁሉም እያዩህ። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ይበቃል።»

ንጉሡን ማለቷ ነው።

«መንገርሽን አይሰሙም» አልኳት። «አንቺ ነግረሽኛል። እነሱ ደግሞ ይንገሩኝ።»

«ምን ማለት?»

«አራት ቀን ሙሉ ለእኔ ብለው ተሸክመውታል። ሥራቸውን አትቀሚያቸው።»

እሷ ነዳች። ኮንኮርድ የጓደኛዬ ሰፈር ስንደርስ፣ መኪኖቹ ጥግ ዞረው ማዶ መንገድ ላይ ተሰልፈዋል። ዘጠኝ ቆጠርኩ። አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

ጓደኛዬ በሩን ከፈተ። ዓይኑ ቀልቷል። አቀፈኝ፤ ሃያ ዓመት ሲሰድበኝ የኖረ ሰው አንገቴ ሥር ሲተነፍስ ተሰማኝ። ሳሎኑ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ መሃል ላይ አንድ ባዶ ወንበር አለ። የልጄ አስተማሪ ቢያየው የእሱን መድረክ የሰረቁበት ይመስለው ነበር።

ጋሼ ወንበሩን በእጃቸው አሳዩኝ። «ና ልጄ፣ ተቀመጥ እስቲ።»

«የምናገረው እኔ አይደለሁ እንዴ?» አልኩ። ማለት ነበረብኝ።

«አዎ። ግን መጀመሪያ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆሞ ሁለቱን እጆቹን ትከሻዬ ላይ ጫነ። ሚስቱ ውሃ ይዛ አጠገቤ መጣች። ልጄ በሩ አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች፤ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን» አሉ። ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ ጀመሩ፤ እኔ ለሌላ ሰው ካዘጋጀሁት እንኳ የራቀ። ከአዳም ጀመሩ። የት እንደሚደርሱ አውቃለሁ። የእያንዳንዱን መታጠፊያ አውቃለሁ፤ መጨረሻውን ከሰማሁት አንድ ሰዓት አልሞላኝም፤ ንግግሩን ራሱ አራት ቀን ሙሉ ስለማመደው ነው የከረምኩት። የጋሼ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ፣ ወደ ስሟ ሲጠጋ፣ ፈቀቅ ሲል፣ እንደገና ሲጠጋ እየሰማሁ ተቀመጥኩ።

ስሟን ሲጠሩ ጮኽኩ። ከቴሜስካሉ ይልቅ እዚያ ነው የጮኽኩት። አሮጌ ወሬ ነው፤ በአፌም በጆሮዬም ያለፈ። እንደ አዲስ ወጋኝ።

ትከሻዬ ላይ ያሉት እጆች አልለቀቁኝም።